ሒሳብ ቁጥሩን ማን አረጋገጠው? የዋየር ማጭበርበር የሕግ ቢሮዎችን የሚያጠቃበት መንገድ

ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ የሕግ ቢሮ የሚሠራ ፓራሊጋል፣ የጠበቃ ረዳት ማለት ነው፣ በኦክቶበር 2019 ለባንክ ኢሜይል ጻፈ። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቢሮው የአንድ ደንበኛን የሪል እስቴት ብድር በአዲስ ብድር የመተካት ጉዳይ ይዞ ነበር። መልስ መጣ። ገንዘቡ የሚላክበት መመሪያም አብሮ መጣ። 922,857 ዶላር ተላከ። ፓራሊጋሉ የጻፈበት አድራሻ ግን የባንኩ አልነበረም። የባንኩን አስመስሎ የተሠራ ነበር።

ከዚህ ገንዘብ ጀርባ ከነበሩት አንዱ ናይጄሪያዊው ራሞን አባስ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ኢንስታግራም ላይ በውድ መኪናና በግል ጄት ፎቶ፣ ሃሽፓፒ በሚለው ስሙ ነው። በ2020 ዱባይ ላይ ተያዘ፣ በ2021 ጥፋቱን አመነ፣ በኖቬምበር 2022 ደግሞ ሎስ አንጀለስ የሚገኘው ፌዴራል ፍርድ ቤት 11 ዓመት ከ3 ወር ፈረደበት።

ታሪኩ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ መኪናዎቹ ይሆናል። ለትምህርት የሚሆነው ግን የፓራሊጋሉ ነገር ነው። ያ ሰው ዝም ብሎ አልላከም። ጠይቋል። የጠየቀው ግን ሌባውን ራሱን ነው።

የዚህ ዓይነቱ ማጭበርበር ቁልፍ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሒሳብ ቁጥሩ የመጣበት መንገድና ቁጥሩ የተረጋገጠበት መንገድ አንድ ከሆኑ፣ ማረጋገጫ የሚባል ነገር የለም። ፓስወርድ፣ ሶፍትዌር፣ ኢንሹራንስ፣ ፍርድ ቤት፣ ሁሉም ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡ ናቸው።

ነገሩ ምንድን ነው?

ዋየር በባንኮች መካከል ገንዘብ በቀጥታ የሚተላለፍበት መንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ትልቁ መስመር ፌድዋየር ይባላል፤ የሚያስኬደው ማዕከላዊ ባንኩ ነው። እያንዳንዱ ክፍያ ለየብቻው፣ በዚያው ሰዓት ይጠናቀቃል። ከተጠናቀቀ በኋላ ላኪው ብቻውን ሊሰርዘው አይችልም። ቤት የሚሸጥ ሰው ዋየርን የሚመርጠው ለዚህ ነው፤ ገንዘቡ ከገባ ገባ ነው። ሌባም የሚወደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ማጭበርበሩ በእንግሊዝኛ ቢዝነስ ኢሜይል ኮምፕሮማይዝ ይባላል፣ ሲያጥር ቢኢሲ። ሌባው የሚታመን ሰው ኢሜይል ውስጥ ይገባል፣ ወይም የሚመስል አድራሻ ይሠራል፣ ከዚያ ሊከፈል የተዘጋጀን ገንዘብ ወደ ራሱ ሒሳብ ያዞራል። ባንክ አይሰበርም። ገንዘቡን የሚልከው ባለገንዘቡ ራሱ ወይም ጠበቃው ነው፣ በራሱ እጅ፣ በትክክለኛ ፊርማ።

የኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ቅሬታ ማዕከል፣ አይሲ3 የሚባለው፣ በ2024 ብቻ 21,442 የቢኢሲ ቅሬታ ተቀብሏል። የተመዘገበው ኪሳራ ወደ 2.77 ቢሊዮን ዶላር ነው። ለእያንዳንዱ ቅሬታ ሲካፈል 129 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሳል። ለብዙ ቤተሰብ ይህ የቤት ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ዓመታት የተጠራቀመ ገንዘብ ነው።

ሌቦች ሕግ ቢሮ ላይ ምን አዩ?

የሕግ ቢሮ የራሱ ያልሆነ ገንዘብ ይይዛል። የቤት ገዢ ገንዘብ፣ የአደጋ ካሳ፣ የውርስ ድርሻ፣ የፍቺ ክፍፍል፣ ሁሉም ለጥቂት ቀን እዚያ ያርፋል። የሚያርፍበት ሒሳብ ትረስት አካውንት ይባላል፣ የአደራ ሒሳብ እንደማለት ነው፣ ከቢሮው የራሱ ገንዘብ ጋር መቀላቀል የለበትም። ስለዚህ ሦስት ጠበቃ ብቻ ያሉት ቢሮ በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር በእጁ ሊያልፍ ይችላል። የኮምፒውተር ጥበቃው ግን የትንሽ ቢሮ ነው።

ሌላው የጊዜ ነገር ነው። ክሎዚንግ፣ ቤት የሚፈረምበትና ገንዘብ የሚከፈልበት ቀን፣ ቀድሞ የታወቀ ነው። ገዢው፣ ሻጩ፣ ሁለቱ ደላሎች፣ አበዳሪው ባንክ፣ የሕግ ቢሮው፣ ሁሉም በኢሜይል ይጻጻፋሉ። ከስድስቱ የአንዱ ኢሜይል ከተጠለፈ የሁሉም ጉዳይ ታየ ማለት ነው።

ጆርጂያን እንውሰድ። አትላንታና አካባቢዋ ብዙ ሐበሻ ይኖራል፣ ቤትም ይገዛል። በዚያ ግዛት ሕግ ክሎዚንግ የሚያካሂደው ጠበቃ መሆን አለበት። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የገዛ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ታይትል ካምፓኒ ነው፣ የቤቱን የባለቤትነት ሰነድ የሚያጣራና ክፍያውን የሚያስፈጽም ድርጅት ማለት ነው። ስሙ ቢለያይም ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ ያው ነው፣ አደጋውም ያው ነው።

እንግሊዝ አገር ለዚህ ራሱን የቻለ ስም ወጥቶለታል፦ የዓርብ ከሰዓት ማጭበርበር። የቤት ሽያጭ ብዙ ጊዜ የሚጠናቀቀው ዓርብ ስለሆነ ነው። ሥራ ይበዛል፣ ሰው ይቸኩላል፣ ገንዘቡ መጥፋቱ የሚታወቀው ሰኞ ነው። ሌባው ሁለት ቀን ተኩል አገኘ።

ኢሜይሉ ውስጥ ምን ይደረጋል?

ብዙ ሰው ሌባው ድንገት መጥቶ አንድ ኢሜይል ልኮ የሚሄድ ይመስለዋል። እንደዚያም ይሆናል፣ ከባዱ ግን ሌላው ነው። ሌባው መጀመሪያ በፊሺንግ ይገባል። ፊሺንግ ማለት ፓስወርድ የሚያስገባ የሐሰት ገጽ ልኮ ማጥመድ ነው፤ ብዙ ጊዜ "የተጋራ ሰነድ አለዎት፣ ይግቡና ይዩ" የሚል ነው። ሰውየው ፓስወርዱን ያስገባል፣ ሰነዱ አልከፈት ይለዋል፣ ይረሳዋል።

ሌባው ግን አይረሳም። ወዲያው ምንም አይነካም። ያነባል። ማን ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ፣ ማን "ውድ" ብሎ እንደሚጀምርና ማን ስም ብቻ እንደሚጠራ፣ ጠበቃዋ ከስሟ በታች ምን እንደምትጽፍ ያጠናል። ከዚያ ኢሜይሉ ውስጥ ትንሽ ትእዛዝ ያስቀምጣል፦ "ዋየር" ወይም "ክሎዚንግ" የሚል ቃል ያለበት መልእክት ሁሉ ቅጂው ወደ ውጭ አድራሻ ይሂድ። ሌላም ትእዛዝ ያክላል፦ ከዚህ ደንበኛ የሚመጣ መልስ ባለቤቱ ከፍቶ ወደማያውቀው ፎልደር ይግባ። ጠበቃዋ ኢሜይሏን በየቀኑ ትከፍታለች። የደንበኛዋን መልስ ግን አታይም። የሚያየው ሌባው ነው፣ የሚመልሰውም እሱ ነው።

ክሎዚንጉ ሁለት ቀን ሲቀረው መልእክቱ ይወጣል። በእውነተኛው የኢሜይል ልውውጥ ላይ፣ በእውነተኛው የፋይል ቁጥር፣ በትክክለኛው የገንዘብ መጠን እስከ ሳንቲሙ። "ሒሳባችን ኦዲት ላይ ስለሆነ እባክዎ ከታች ወዳለው ይላኩ" የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው የተጨመረው። የእውነተኛውን ሰው ኢሜይል መጠቀም ካልቻሉ የሚመስል አድራሻ ይገዛሉ። በእንግሊዝኛ ትንሿ አር እና ኤን ተጠጋግተው ሲጻፉ ኤም ይመስላሉ። ስልክ ላይ፣ መኪና ውስጥ ሆኖ፣ ያንን የሚለይ ዓይን ያለው ሰው ጥቂት ነው። ከግርጌ ያለው ስልክ ቁጥርም ተቀይሯል። የተጠራጠረ ሰው በዚያ ቢደውል ትሑት ድምፅ ያነሳል፣ "አዎ፣ ትክክል ነው" ይለዋል።

ቀድሞ "በእንግሊዝኛው ስሕተት ይታወቃል" የሚባል ምክር ነበር። ዛሬ አይሠራም። ማንም ሰው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ንጹሕ እንግሊዝኛ፣ ንጹሕ አማርኛም ቢሆን፣ ማጻፍ ይችላል።

ባንኩ ስሙን አያይም እንዴ?

ክርክሩም ግራ መጋባቱም የበዛው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ በንግድ ባንክ መተግበሪያ ወይም በቴሌብር ብር የላከ ሰው አንድ ነገር ለምዷል። ቁጥሩን ሲያስገባ የተቀባዩ ስም ብቅ ይላል። ስሙ የማያውቀው ከሆነ ያቆማል። ይኸው ሰው አሜሪካ ሆኖ የዋየር ፎርም ሲሞላ ስምም ቁጥርም ይጽፋል። ስለዚህ ባንኩ ሁለቱን ያመሳክራል ብሎ ያምናል። እምነቱ ምክንያታዊ ነው፣ ግን ሕጉ እንደዚያ አይልም።

የአሜሪካ ግዛቶች የተቀበሉት ዩኒፎርም ኮመርሺያል ኮድ የሚባል የንግድ ሕግ አለ። በአንቀጽ 4ኤ ክፍል 207 ላይ እንደተደነገገው፣ የተቀባዩ ስምና የሒሳብ ቁጥሩ የማይገጣጠሙ ቢሆን እንኳ ተቀባዩ ባንክ በቁጥሩ ብቻ ገንዘቡን ማስገባት ይችላል። ልዩነቱን በእርግጥ ካላወቀ በቀር። የማጣራት ግዴታም የለበትም።

"በእርግጥ ማወቅ" ማለት ምን ማለት ነው? በማርች 2025 የአራተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት መልስ ሰጠበት። ስተድኮ የሚባል የግንባታ ብረት አምራች ኩባንያ በ2018 የሐሰት ኢሜይል ደርሶት ወደ 559 ሺህ ዶላር ለአቅራቢው መስሎት ወደ ሌላ ሰው ሒሳብ ልኮ ነበር። የተላከው በዋየር ሳይሆን ኤሲኤች በሚባለው ሌላ የባንክ መስመር ነው፣ ሕጉ ግን ያው ነው። ገንዘቡ የገባው ቨርጂኒያ በሚገኝ የብድር ማኅበር፣ በእንግሊዝኛ ክሬዲት ዩኒየን በሚባለው፣ በአንድ ግለሰብ ሒሳብ ነው። የማኅበሩ ኮምፒውተር ስሙ እንደማይገጥም ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ማስጠንቀቂያውን ያየ ሰው ግን አልነበረም። የታችኛው ፍርድ ቤት በ2023 ለኩባንያው ፈርዶ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ሻረው፤ ማሽን ያወጣውን ማስጠንቀቂያ አንድ ሠራተኛ ካላየው ባንኩ "አውቋል" አይባልም አለ።

ጉዳዩ የሕግ ቢሮ አይደለም። ለሕግ ቢሮዎች ግን መልእክቱ ቀጥተኛ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ፣ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸው፣ በዚሁ ፍርድ ቤት ሥር ናቸው። ገንዘቤ የገባበት ባንክ ይከፍለኛል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ባንኮቹ የሚሉት አላቸው፣ ሙሉ በሙሉም የሚጣል አይደለም። በቀን እጅግ ብዙ ክፍያ ይገባል። ስም ሁሉ በሰው ዓይን ይታይ ከተባለ ፍጥነቱ ይቀራል። ደግሞም ስም በትክክል አይገጥምም። ይህን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ተስፋዬ የሚለው ስም ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት፣ መንጃ ፈቃድ ላይ ሌላ ዓይነት፣ ባንክ ላይ ሦስተኛ ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ያለው ሰው ስንት ነው? የአባት ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ይመዘገባል፣ የአያት ስም አንዱ ጋ አለ አንዱ ጋ የለም። ጥብቅ የስም ማመሳከሪያ ቢመጣ መጀመሪያ ዋየራቸው የሚቆመው እንዲህ ዓይነት ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ሆኖም "አይቻልም" የሚለው ክርክር እየተሸረሸረ ነው። እንግሊዝ ከ2020 ጀምሮ ላኪው ከመላኩ በፊት ስሙ መግጠሙን የሚያይበት አሠራር አላት። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ አይደለም፤ "ይቀራረባል" የሚልም አለ። የስም አጻጻፍ ችግር ጥሩ መፍትሔ ይኸው ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ከኦክቶበር 9፣ 2025 ጀምሮ ዩሮ የሚጠቀሙ አገሮች ባንኮች ተመሳሳይ ማመሳከሪያ እንዲያቀርቡ አስገድዷል። እንግሊዝ አንድ እርምጃ ጨምራለች። ከኦክቶበር 7፣ 2024 ወዲህ ተታሎ በአገር ውስጥ ክፍያ የላከ ሰው እስከ 85 ሺህ ፓውንድ ይመለስለታል፣ ወጪውን ላኪውና ተቀባዩ ባንክ እኩል ይካፈላሉ። ተጠቃሚዎቹ ግለሰቦች፣ በጣም ትንንሽ ድርጅቶችና የበጎ አድራጎት ተቋማት ናቸው። ከፍ ያለ የሕግ ቢሮ በዚህ አይሸፈንም።

እኔ የእንግሊዙ መንገድ ትክክል ይመስለኛል፤ ኪሳራው ባንኩን ሲነካው ባንኩ የሌባ ሒሳብ ሲከፈት ጠንቅቆ ያያል። ነገር ግን የአሜሪካ ሕግ ዛሬ ያ አይደለም፣ የዛሬው ገንዘብ ደግሞ ዛሬ ነው የሚላከው።

ኪሳራው ማን ላይ ያርፋል?

ሌባው ካልተያዘ ሁለት ንጹሐን ይቀራሉ። ከፋዩ "ከፍያለሁ" ይላል፣ ተቀባዩ "አልደረሰኝም" ይላል። ፍርድ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ማን ቀላል በሆነ ጥንቃቄ ሊያስቀረው ይችል ነበር ብለው ነው።

በ2016 ቨርጂኒያ ውስጥ በፌዴራል ፍርድ ቤት የታየ አንድ ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። ሁለት ወገኖች ተስማምተው ክስ ይዘጋሉ። ተከሳሹ 63 ሺህ ዶላር ገደማ ሊከፍል ነው። የከሳሹ ጠበቃ አንድ ሰው ገንዘቡን ለማዞር እየሞከረ መሆኑን በኢሜይል አይቶ ያውቃል። ለሌላኛው ወገን ጠበቃ ግን አልነገረም። ጥቂት ቀን ቆይቶ የተከሳሽ ጠበቆች በዚሁ ጠበቃ ኢሜይል የመጣ መመሪያ ተቀብለው ገንዘቡን ወደ ለንደን ላኩ። ፍርድ ቤቱ ተከሳሹ ግዴታውን ተወጥቷል፣ ሁለተኛ አይከፍልም አለ። ምክንያቱ ያ ያልተደወለ ስልክ ነው። አንድ ጥሪ ነበር የሚያስፈልገው።

ገንዘቡ ከአደራ ሒሳብ ከወጣ ደግሞ ነገሩ ከፍርድ ቤትም ያልፋል። የደንበኛን ገንዘብ መጠበቅ የጠበቃ የሙያ ሥነ ምግባር ግዴታ ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2017 እና በ2018 ባወጣቸው የሥነ ምግባር ማብራሪያዎች ጠበቃ የኢሜይል ጥበቃውን በጉዳዩ ክብደት ልክ ማድረግ እንዳለበት፣ መረጃ ከተጠለፈ ደግሞ ለደንበኛው መንገር እንዳለበት አስቀምጧል። በአደራ ሒሳቡ ውስጥ የሌሎች ደንበኞች ገንዘብም አለ። የጎደለውን በእነሱ ገንዘብ መሸፈን ሌላ ጥፋት ነው።

ኢንሹራንስ አለኝ የሚል ቢሮ ውሉን ዛሬውኑ አውጥቶ ያንብብ። የሙያ ስሕተት ኢንሹራንስ ይህን ዓይነት ስርቆት ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። የሳይበር ኢንሹራንስ ሊሸፍን ይችላል፣ ግን ለተታለለ ክፍያ የሚሰጠው ጣሪያ ከዋናው ጣሪያ በጣም ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ውል ደግሞ ከመላክዎ በፊት በስልክ ካላረጋገጡ አልከፍልም ይላል። ስለዚህ አለመደወል ገንዘቡንም ኢንሹራንሱንም ያሳጣል።

በቼክ የሚመጣው

የዋየር ማጭበርበር ሁልጊዜ በተጠለፈ ኢሜይል አይመጣም። ሌላኛው በር አዲስ ደንበኛ ነው። ውጭ አገር ያለ ኩባንያ ይጽፋል፣ አሜሪካ ውስጥ ያለ ባለዕዳ እንዲያስከፍሉለት። ጠበቃው ገና ደብዳቤ ሳይጽፍ ባለዕዳው "ልክፈል" ይላል፣ ካሺየርስ ቼክ ይልካል፣ አገር ቤት ሲፒኦ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ የባንክ ቼክ ነው። ጠበቃው ቼኩን የአደራ ሒሳቡ ውስጥ ያስገባል፣ ክፍያውን ቀንሶ ቀሪውን ለደንበኛው ዋየር ያደርጋል። ከቀናት በኋላ ቼኩ ሐሰተኛ ሆኖ ይመለሳል።

አንድ የኒው ዮርክ የሕግ ቢሮ የ197,750 ዶላር ቼክ ተቀብሎ 10 ሺህ ለራሱ አስቀርቶ 187,750 ዶላር ወደ ሆንግ ኮንግ ላከ። ከመላኩ በፊት ባንኩን ጠይቋል። ቼኩ "ክሊር ሆኗል"፣ ተጣርቶ አልፏል እንደማለት፣ ተብሏል። በ2011 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኪሳራውን ሕግ ቢሮው ላይ ጣለው። "ክሊር" የሚለው ቃል አሻሚ ነው፣ በእሱ ላይ ብቻ መተማመን አይቻልም ብሎ።

ነጥቡ ይህ ነው። ባንክ ገንዘቡን "መጠቀም ይችላሉ" ሲል ቼኩን ያወጣው ባንክ ከፍሏል ማለቱ አይደለም። ሕጉ ባንኩን በጥቂት ቀን ውስጥ ገንዘቡን እንዲለቅ ያስገድደዋል፣ ቼኩ ግን ከዚያ በኋላም ሊመለስ ይችላል። መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው፦ ቼኩን ያወጣው ባንክ በመጨረሻ ከፍሎታል? ደግሞም ቼኩ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን የዚያን ባንክ ቁጥር ራስዎ ፈልገው።

መደወል፣ ግን እንዴት?

የኮምፒውተር ጥበቃ ያስፈልጋል፣ ክርክር የለውም። ኢሜይል በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይዘጋ። መልእክት በራሱ ወደ ውጭ አድራሻ እንዳይተላለፍ ይታገድ። በየወሩ አንድ ሰው የኢሜይሉን ትእዛዞች ይክፈትና ማንም ያላስቀመጠው ነገር እንዳለ ይይ። ይህን የሚሸጡ ድርጅቶች ግን ብዙ ጊዜ የማይሉት አንድ ነገር አለ። የተጠለፈው የእርስዎ ኢሜይል ላይሆን ይችላል። የደላላው ሊሆን ይችላል፣ የደንበኛው ሊሆን ይችላል። የእርስዎ ቁልፍ የነሱን በር አይዘጋም። ስልኩ ዋና የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጥሪው የሚደረገው ጉዳዩ ሲከፈት በተመዘገበ ቁጥር ነው። በኢሜይሉ ግርጌ ባለው አይደለም፣ "በዚህ ይደውሉልኝ" በተባለውም አይደለም። የሚደውሉት እርስዎ ናቸው፤ የተደወለልዎትን አንስተው ማረጋገጥ አይቆጠርም። ሲደውሉ ቁጥሩን አንብበው "ትክክል ነው?" አይበሉ። "አዎ" ማለት ቀላል ነው። "እባክዎ የሒሳብ ቁጥሩን እርስዎ ያንብቡልኝ" ይበሉ፣ እርስዎ ወረቀቱን ይዘው ያዳምጡ። ማን እንደደወለ፣ በየትኛው ቁጥር፣ በስንት ሰዓት፣ ፋይሉ ውስጥ ይጻፍ።

ድምፅም ሊመሰል ይችላል፣ ምስልም። በ2024 አሩፕ የተባለው የእንግሊዝ የምህንድስና ኩባንያ የሆንግ ኮንግ ሠራተኛ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ገደማ ልኳል፣ ወደ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር። መጀመሪያ ኢሜይሉን ተጠራጥሮ ነበር። ከዚያ ቪዲዮ ስብሰባ ተጠራ፣ የሚያውቃቸውን ባልደረቦቹን አየ፣ ጥርጣሬውን ተወ። ሰዎቹ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ነበሩ። ልክ እንደ ፓራሊጋሉ እሱም አረጋግጧል፣ ሌባው ባዘጋጀለት መንገድ። ራሱ በሚያውቀው ቁጥር ቢደውል ኖሮ የሚያነሳው እውነተኛው ሰው ነበር።

ሁለት ሰው ይፈርም የሚለው ምክርም ጥሩ ነው። ብቻውን የሚሠራ ጠበቃ "እኔና ጸሐፊዬ ብቻ ነን" ይላል፣ እውነቱን ነው። ሁለት ሰው በቂ ነው። ጸሐፊዋ ዋየሩን ታዘጋጅ፣ ጠበቃው ከሌላ ኮምፒውተር ወይም ከስልኩ ያጽድቅ። ዋናው ነገር ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ኢሜይል እንደገና አንብቦ ሳይሆን የጥሪውን ማስታወሻ አይቶ መፍቀዱ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ይሉኝታ ነው። ጸሐፊዋ አለቃዋ "ቶሎ ላኪው" ሲላት እንደገና መጠየቅ ድፍረት ይመስላታል። ጠበቃው ትልቅ ደንበኛውን ትናንት ደውሎለት ዛሬ ደግሞ ቢደውል ያልተዘጋጀ ይመስልብኛል ይላል። ገዢው ጠበቃውን መጠየቅ መጠራጠር ይመስለዋል። ሌባው የሚሠራው በዚህ ክፍተት ነው። መድኃኒቱ ጥሪውን የግል ውሳኔ ከመሆን ማውጣት ነው፦ "የቢሮአችን ደንብ ነው፣ ለሁሉም እንደውላለን" ማለት። ደንብ ከሆነ ማንም አይቀየምም።

ለደንበኛም በመጀመሪያው ቀን ወረቀት ይሰጥ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ "የባንክ ሒሳባችን በጉዳይዎ መሐል አይቀየርም። ተቀየረ የሚል መልእክት ከደረሰዎት አይላኩ፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉልን።" አማርኛ ተናጋሪ ደንበኛ ያለው ቢሮ ወረቀቱን በአማርኛ ያዘጋጀው። ሃምሳ ገጽ የእንግሊዝኛ ሰነድ ውስጥ የተቀበረ ማስጠንቀቂያ ማንንም አያድንም።

ገንዘቡ ከወጣስ?

ዋየር ወጣ ማለት ሁሉም አለቀ ማለት አይደለም። ገንዘቡ መጀመሪያ የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ አስተላላፊ የሚባል ሰው ሒሳብ ላይ ነው፤ አንዳንዱ አውቆ፣ አንዳንዱ በፍቅር ወይም በሥራ ተታሎ ሒሳቡን ያዋሰ። ከዚያ ተከፋፍሎ ወደ ሌላ ባንክ፣ ወደ ውጭ አገር ወይም ወደ ክሪፕቶ ይሄዳል። በመሐል ያለው ሰዓት ነው ዕድሉ።

ኤፍቢአይ ከ2018 ጀምሮ ለዚህ የተቋቋመ ቡድን አለው፣ ከባንኮች ጋር ሆኖ ገንዘቡን ያስቆማል። በ2024 ከያዛቸው ጉዳዮች ሊሰረቅ ከነበረው ገንዘብ 66 በመቶውን ማስቆም ችሏል። ቁጥሩ ተስፋ ይሰጣል። ግን ቡድኑ ጋ የደረሱት በፍጥነት ያመለከቱ ናቸው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የላከውን ባንክ የማጭበርበር ክፍል መደወል፣ ቅርንጫፉን አይደለም። ዋየሩ ተመልሶ እንዲጠራ፣ ወደ ውጭ አገር ከሄደ ደግሞ ስዊፍት በሚባለው የዓለም አቀፍ ባንኮች የመልእክት መስመር የመመለሻ ጥያቄ እንዲላክ መጠየቅ። ሆልድ ሃርምለስ ሌተር የሚባል ደብዳቤ እንዲጻፍም መጠየቅ። ገንዘቡን የያዘው ባንክ ቢመልስ ኋላ እንደማይከሰስ ማረጋገጫ የሚሰጥ ነው፤ ያለ እሱ ብዙ ባንክ ገንዘቡን አይለቅም። ከዚያ የተቀበለውን ባንክ መደወል። ወዲያው በአይሲ3 ድረ ገጽ ቅሬታውን መሙላት፣ የሁለቱን ባንኮች ስም፣ ሒሳብ ቁጥሮቹን፣ ቀኑንና መጠኑን አሟልቶ። የመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ወሳኝ ናቸው፣ ከነሱም የመጀመሪያው ቀን።

ደንበኛውና ኢንሹራንሱም በዚያው ቀን ይነገራቸው። የተጠለፈው ኢሜይል አይጠፋም፤ ማስረጃ ነው፣ ሌባው ያስቀመጣቸው ትእዛዞችም ፎቶ ይነሱ። ኢሜይሉን ማን ከፈተው፣ ማን ሳይደውል ላከ የሚለው ምርመራ ሰኞ ሊደርስ ይችላል። ዓርብ ከሰዓት ላይ ግን መጀመሪያ የሚነሳው ስልኩ ነው።